ብርጭቆ የሚንቀጫቀጭበት ካሴት

ከናዝሬት የወጣሁት ማታ በባቡር ነው። እናቴ ጣቢያ ድረስ አልሸኘችኝም፤ ስታለቅስ ያየ ሰው ወዴት እንደምሄድ ያውቅብኛል ብላ ደጃፍ ላይ ስማኝ ተመለሰች። ታላቅ ወንድሜን ደረጀን የቀበሌ ጠባቂዎች ከቤት ከወሰዱት ወር አልፎ ነበር። የት እንዳለ የሚነግረን አልተገኘም፤ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ወርጄ፣ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ግመል ኋላ በእግሬ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ጅቡቲ ገባሁ።

አቤት ሙቀት! ናዝሬት ሞቃት ናት ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ አፌን ቁርጥ ያርገው። እዚያ ቢያንስ ሲመሽ ነፋስ አለ፤ ጋሪ ላይ ቁጭ ብለህ ትናፈሳለህ። እዚህ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሽሮዬን ባጌት በሚሉት ረጅም ዳቦ እያጠቀስኩ መብላት ለመድኩ።

በገባሁ ሰሞን ጣቢያ የወሰደኝ ፖሊስ "ፓፒዬ!" ብሎ መታወቂያ ወረቀት ሲጠይቀኝ ባዶ እጄን አሳየሁት። አስተርጓሚው "ሥራህ ምንድን ነው ይልሃል" አለኝ።

"ካሴት እሰማለሁ።"

ፖሊሱ ሳቀ። "እሱንማ እኔም እሰማለሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ግን እናንተን ለመመለስ ነው" አለ። ደግነቱ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሳይመልሰኝ ወጣ።

የነገርኩት እውነቴን ነው። እኔና ደረጀ ያደግነው ናዝሬት ሆቴሎች ውስጥ ባንድ ሲጫወት እየቀዳን ነው። ጅቡቲ ገበያ ውስጥ ደግሞ አብዲ የሚባል ድሬዳዋ ያደገ ነጋዴ እንዲህ ያለውን፣ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት የተቀዳ ካሴት ይለዋወጣል። አንድ ጥሩ ካሴት በሁለት መናኛ ይለወጣል፤ ጥሩውን ከመናኛው የምለይለት እኔ ሆንኩ። ሽ የሚለው ድምፅ ከበዛ የኮፒ ኮፒ ነው። የሚዋዥቅ ከሆነ ባትሪ እየደከመ የተቀዳ ነው። ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ከመሰለ ቀጂው በር አጠገብ ነበር። የመጨረሻውን ደረጃ "ለሹፌር" እንለዋለን፤ የመኪናው ሞተር ስለሚውጠው ጉድለቱ አይታወቅም።

አልፎ አልፎ ናዝሬት ባለው በጎረቤታችን ሱቅ ስልክ እናቴ ጋ እደውላለሁ። "ደረጀስ?" እላታለሁ። "ደህና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን" ትለኛለች። ስልክ ይጠለፋል፤ ሌላ ምን ልትል? ታስሮም ደህና ነው፣ ሞቶም ደህና ነው ልትለኝ ትችላለች። ሥጋቱ ከሙቀቱ ይልቅ አከሳኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዲ አዲስ ከመጡት ካሴቶች አንዱን ወረወረልኝ። "ይሄ ለሹፌር ነው አቦ! ብርጭቆ ይንጫጫበታል፣ መሀሉ ላይ ሰው ያወራበታል።"

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዘፋኙ የናዝሬትን ሕዝብ ሰላም ብሎ ጀመረ። ዘፈኑ እኔ ከአገር ከወጣሁ በኋላ የተሰማ አዲስ ዘፈን ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር ማይክሮፎኑ አጠገብ ያለ ብርጭቆ ይንቀጫቀጣል። ከዚያ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቁጣ፣ "ኧረ ብርጭቆውን አንሳልኝ፣ እየቀዳሁ እኮ ነው!" አለ።

ደረጀ ነው።

ግን መደሰት ፈራሁ። በአሮጌ ካሴት ላይ ሲቀዳ በደንብ ያልጠፋ የድሮ ድምፅ ከሥር ሊሰማ ይችላል። ከመታሰሩ በፊት የተቀዳ ቢሆንስ? አጠንጥኜ ደግሜ ሰማሁት፤ አሁንም ደገምኩት። ደረጀ እንደተናገረ ብርጭቆው ሲነሳ ቅጭል ይላል። ከዚያ በኋላ ያው ከበሮ ይመታል፣ ብርጭቆው ግን አይሰማም፤ ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ አልተሰማም። እንግዲህ ደረጀ ያስነሳው የአዲሱ ዘፈን ከበሮ ሲያንቀጫቅጠው የነበረውን ብርጭቆ ነው። ንግግሩም ዘፈኑም የአንድ ምሽት ነው። ወንድሜ ተፈቷል!

የአብዲን ጭንቅላት ይዤ ሳምኩት። "አንደኛ ነው! ለማንም እንዳትሰጠው!"

"ሙቀቱ ነካህ እንዴ አቦ?" አለኝ።

በማግስቱ ደውዬ እናቴን "ደረጀን ጥሪልኝ፣ ካለዚያ አልዘጋም" አልኳት። ከተፈታ ወዲህ ከውጭ በሚደወል ስልክ እንዳያወራ የከለከለችው ራሷ ኖራለች። እያጉረመረመች ሄደች፤ ደረጀ መጣ። ስለ እስሩ ማንሳት አይቻልም።

"የቀዳኸው ካሴት እዚህ ደርሷል" አልኩት።

"እውነትህን ነው? ጥራቱ እንዴት ነው?"

እንባዬ እየወረደ፣ "ባሱ ታፍኗል" አልኩት። "ስፒከሩ ሥር ነው የተቀመጥከው። ብርጭቆውንም ያስነሳኸው ዘግይተህ ነው።"

"ስማ!" አለ። የልጅነታችን ንዴት ነው፣ ምንም አልጎደለበትም፤ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ። "እዚያ ቁጭ ብለህ እንከን ታወጣልኛለህ? ካወቅክ አንተ መጥተህ ቅዳዋ!"

መምጣት እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። መስመሩ ሽ እያለ ቆየ።

"አለህ?" አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

"አለሁ" አልኩት።