አራቱ የቻይና ፊደሎች

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ወልድያ

መናኸሪያው ገና በጭጋግ እንደተሸፈነ ነው። ረዳቱ "ጋሸና፣ ላሊበላ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል፤ ገና አራት ወንበር ባዶ ነው። ከጎኔ ሁለት የመርሳ ነጋዴዎች ብርቱካን በካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሚኒባሱ በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

"ለጉብኝት ነው እህቴ?" አለኝ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

"ለሙት ዓመት ነው። የማውቃቸው እናት ባለቤት።"

"ነፍስ ይማር" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሌላ ባለመጠየቁ ደስ አለኝ።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች እትዬ ታንጉትን ታስታውሷቸው ይሆናል። የዛሬ ሁለት ዓመት ላሊበላ ከተማ ውስጥ ስላለው ቤታቸው ጽፌ ነበር። አያታቸው ባላባት ነበሩ፤ ቤቱ በቀይ ድንጋይ የተሠራ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ከኖረ በኋላ ግማሹ ፈርሶ ተመለሰላቸው። ሟቹ ባላቸው አቶ ሞላ ደግሞ በንግድ መርከብ ማሽን ክፍል ሲሠሩ የኖሩ የላስታ ሰው ነበሩ። ከየወደቡ ያመጧቸውን ዕቃዎች በምድር ቤቱ ሁለት ክፍሎች ደርድረው ሙዚየም አደረጉት። የሕንድ የነሐስ ዝሆኖች፣ የጃፓን ጥቁር ሣጥን፣ የሴሎን ጭምብል፣ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው የቻይና ሳህኖች አሉበት። ሰፈሩ "የመርከበኛው ቤት" ይለዋል።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ፍላቂት

ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ገብስ የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ዘግተውት ቆምን። አንዲት ሴት በፌስታል የያዘችውን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሸጠችልኝ። አንዱን በልቼ የቀረውን ለረዳቱ ሰጠሁት።

ያልጻፍኩላችሁን ልንገራችሁ። በሙዚየሙ ሁለተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ነጭ ሸራ ተሰቅሏል። ላዩ ላይ በወፍራም ብሩሽ የተጻፉ አራት የቻይና ፊደሎች አሉ። ያኔ እትዬ ታንጉት ለአጭር ሥልጠና ቻይና ሄጄ እንደነበር ስነግራቸው ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። "እስቲ ልጄ አንብቢልኝ፤ ሞላ በእጁ የሰቀለው ነው።"

እኔ ቻይና የቆየሁት ሁለት ወር ነው። ከአራቱ ፊደሎች ሦስቱን አወቅኋቸው። ትንሽ፣ ልብ፣ እሳት። አራተኛውን አላወቅሁትም። "አላውቅም" ለማለት ግን አፈርኩ። ትንሽ አሰብኩና "ትንሿ ልቤ ስላንቺ ትነዳለች ይላል" አልኳቸው። "ስላንቺ" የሚለው ከራሴ የመጣ ነው።

እትዬ ታንጉት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም ያንን እንባ ጽፌ እናንተን አስለቀስኩ።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ቻይና የተማሩ አንድ አንባቢ በትሕትና ጻፉልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች አንድ ላይ ሲሆኑ "ተጠንቀቅ" ማለት ነው፤ ጽሑፉ በየመጋዘኑ የሚለጠፍ "ከእሳትና ከሻማ ተጠንቀቁ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነው አሉኝ። መልእክቱን አጠፋሁት። ማረሚያም አላወጣሁም።

ባለፈው ወር እትዬ ታንጉት ደወሉ። "የሞላ ሰባተኛ ዓመት ነው። ያነበብሽልኝን ቃል በነዚያው ፊደሎች ሐውልቱ ላይ ላስቀርጽ ነው። እንዳይዛባብኝ መጥተሽ እዪልኝ።" እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና "እመጣለሁ" አልኩ።

8 ሰዓት፣ ላሊበላ

ባጃጁ በር ላይ አወረደኝ። እትዬ ታንጉት አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ ቀጥለውም የጾም በየዓይነቱ አቀረቡልኝ። ሸራው አሁን በመስታወት ገብቷል። ከሥሩ ያ የፈጠርኩት ቃል በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፤ ከጎኑም ሙሽሮች ፊቱ ቆመው የተነሷቸው ፎቶግራፎች ተደርድረዋል።

"ሊጋቡ ሲሉ እዚህ ይመጣሉ" አሉኝ። "እኔም አነብላቸዋለሁ።"

ጓሮ ውስጥ ጠራቢው አቶ ደሳለኝ ፊደሎቹን ቀዩ ድንጋይ ላይ በከሰል ገልብጠዋቸዋል።

"ይቺ ጭረት ወደ ላይ ናት ወደ ታች?" አሉኝ ልብ የሚለውን ፊደል እያሳዩ።

"ወደ ታች" አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። አስተካከሉትና መሮአቸውን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳርፈው መቱ። ሁለቴ መቱ። ቀይ አቧራ ጫማዬ ላይ አረፈ።

"ይቁሙ" አልኩ። "እባክዎ አይቅረጹት።"

እትዬ ታንጉት ከደረጃው ወረዱ። "ተሳሳተ እንዴ?"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንዲያ አይልም። ከእሳትና ከሻማ ተጠንቀቁ ነው የሚለው። ያን ቀን ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ ፈጥሬ ነው የነገርኩዎ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"በሳምንቱ።"

እትዬ ታንጉት ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "የመንገድ ሥራ ቻይናዎች መጥተው ነበር" አሉ። "አንብበው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ፈገግ አለ። ቃሉ ልቡን ነክቶት ነው ብዬ ሻይ ጨመርኩለት።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

እትዬ ታንጉት ተነሡ። "አቶ ደሳለኝ፣ ድንጋዩን ይገልብጡልኝ። በጀርባው ስሙን ብቻ ይጻፉ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ ደግሞ ነገ ሰው ሲሰበሰብ ይነግሩልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚያስተባብሉት ግን እርስዎ ነዎት።"

ልጄ ይሉኝ ነበር። እርስዎ ማለት የጀመሩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ሞላ። ካህናቱ ቀድመው ተመግበው ከተነሡ በኋላ እትዬ ታንጉት ሕዝቡን ወደ ሁለተኛው ክፍል ጠሩ። የቀረው በርና መስኮት ላይ ቆመ። ሸራው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዲት ወጣት ሴት ከፎቶግራፎቹ መካከል የራሷን ፈልጋ ስታይ አየኋት።

"ከእሳት መጠንቀቅ ምን ክፋት አለው?" አሉ አንድ መሪጌታ፤ ሊያግዙኝ ይመስለኛል። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ልስቅ ስል እትዬ ታንጉትን አየኋቸው። አይስቁም።

ሰው ሲወጣ ካርቶንና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ትክክለኛውን ትርጉም ጻፍኩ። "ከሥሩ ደግሞ" አሉ፣ "ከዚህ በፊት የተነገረው ሐሰት ነበር ብለው ይጻፉ። ስምዎንም ይጻፉ።" ጻፍኩ። በወርቃማው ጽሑፍ ቦታ ራሳቸው ሰቀሉት።

እሑድ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ባጃጁ ሲመጣ እትዬ ታንጉት ለመንገድ ዳቦ ቋጥረውልኝ እስከ በር ወጡ። የዘረጋሁትን እጅ ያዙት፤ አልሳሙኝም።

"ሞላ ያንን ሸራ ያመጣ ዕለት ምን ይላል ብዬ ጠይቄው ነበር" አሉኝ። "አላውቅም፣ ቀለሙ አምሮኝ ነው የገዛሁት አለኝ። ምን ይል ይሆን እያልን ስንት ዓመት ስንሥቅበት ኖርን። እኔ ጸሎት ነው ስል፣ እሱ የመርከብ የምግብ ጥሪ ነው እያለ። ባለማወቃችን ምንም አልጎደለብንም ነበር።"

"እትዬ ታንጉት..."

"አሁን የሱን ሣቅ ላስታውስ ስል የእርስዎ ቃል ይቀድመኛል።" ባጃጁ ውስጥ ስቀመጥ ቋጠሮውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። "በሉ፣ ደህና ይግቡ።"

በሩን ዘግተው ገቡ። ሹፌሩ "እናትዎ ናቸው?" አለኝ። አይደሉም አልኩት።