የዘነበች ክሊፕ

አሁንም ቀን ላይ መብራት ሲሄድ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል፤ ኃይል ያጣ ኪቦርድ ቁልፎች የሚያሰሙት የፕላስቲክ ጠቅታ ነው። ሲቀላ ሰፈር በነበረው ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሲቋረጥ አባዬ ተማሪዎቹን አያሰናብትም ነበር፤ «ጣታችሁ መብራት አይፈልግም፣ ቀጥሉ» ይላቸውና እነሱም የማይሰማውን ዜማ በልባቸው እየዘመሩ ጠቅ ጠቅ ያደርጉ ነበር።

አባዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ሁላችንም ፒያኖ የምንላት ያቺ ኪቦርድ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ትቶልን የሄደው፣ ሁለት ቁልፎቿ የማይሠሩ አሮጌ ዕቃ ነበረች። አባዬ በእሷ የሰፈሩን ልጆች ያስተምር ነበር። ከሁሉም ቀድሜ የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ ፒያኖዋም አባዬም የእኔ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ሚሌኒየሙ ሊገባ በነበረበት ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ጣት ማፍታቻው ሰለቻቸው፤ ያንኑ አምስት ኖታ ወደ ላይ ወደ ታች ሲመላለሱ ውለው ኳስ ሜዳ የሚጠብቃቸውን ጓደኛ እያሰቡ ያዛጉ ነበር። አንድ ቀን አባዬ ከገበያ ሲመለስ የጠፉበትን ተማሪዎች አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተደርድረው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ክሊፕ አፋቸውን ከፍተው ሲመለከቱ አገኛቸው። ሳይቆጣቸው አልፎ መጣና ምሳ ላይ «ለምን እኛም ክሊፕ አንሠራላቸውም?» አለ። እማዬ «አንተ አስተማሪ ነህ ወይስ ዘፋኝ?» ብላ ሳቀችበት፤ እሱ ግን በማግስቱ ሰርግ የሚቀርጸውን ጎረቤታችንን ካሜራ ለመነና ሕግ አወጣ፤ አንድ ዜማ ሳያቋርጥ ሦስት ጊዜ የተጫወተ ልጅ የራሱ ክሊፕ ይሠራለታል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ልጅ በልጅ ሆነ። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖዋን ተሸክመን፣ ባትሪ ድንጋይ ጎርሳ፣ ከተማውን እናዞራት ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ አባዬ ካሜራውን ይዞ ወደ ኋላ እየሮጠ ይቀርጻቸው ነበር፤ ሊስትሮዎቹም እያጨበጨቡ ይከተሉን ነበር። አንዷን ልጅ ሙዝ እርሻ ውስጥ፣ ሌላውን ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ቀረጽናቸው። ክሊፕ ሲያልቅ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወላጆች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አባዬ ካሜራውን በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘዋል፤ ልጃቸውን በቴሌቪዥኑ መስኮት ሲያዩ ለቅሶም ሳቅም የሚቀላቀልባቸው እናቶች ነበሩ። የእኔ ክሊፕ ከሁሉም በፊት ነበር የተሠራው፣ የሚበልጠኝም አልነበረም።

በኅዳር ዘነበች መጣች። በዕድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር፤ አባቷ ጋሽ አንጁሎ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ ወርደው ሲቀላ ዳርቻ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። ቤታቸው ፒያኖ ስላልነበረ ድርና ማጉ መሃል ተቀምጣ ሸማው በሚጠቀለልበት እንጨት ላይ በጣቷ ትለማመድ ነበር። እኔ በአንድ ዓመት የያዝኩትን እሷ በአንድ ወር ተኩል ያዘችው። አባዬ ስትጫወት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ እኔን ግን ጣቴን እያየ ነበር የሚያዳምጠኝ።

ገና አልፎ በጋው ሲበረታ ጋሽ አንጁሎ ቤታችን መጥተው፣ ልጃቸውን ሽሮ ሜዳ ላለችው እህታቸው ሊልኳት እንደሆነ ተናገሩ። ዘነበች እዚያ ፈትል ትፈትላለች፣ ቤትም ታግዛለች። አባዬ ደነገጠ። «ጋሽ አንጁሎ፣ ይህች ልጅ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ቢያንስ ክሊፗን አይተው ይወስኑ» አላቸው። እሳቸውም፣ አማርኛቸው ሴትና ወንድ ሳይለይ፣ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ አውቃለሁ መምህር። እሺ፣ እሁድ ላየው። ሰኞ ግን የሚወስዳት ሰው ይሄዳል» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ከተራራው ግርጌ ላንቴ ድረስ ሄደን ኦቾሎን በእግር ወጣነው። አባዬ ፒያኖዋን በጀርባው አዘለ። ከገደሉ ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ዘነበች ተንበርክካ መጫወት ጀመረች፤ ከበታቿ የአባያ ሐይቅ እንደ ሸክላ አፈር ቀልቶ ተዘርግቶ ነበር። ዜማዋ አባዬ ራሱ ያዘጋጃት ነበረች። ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሲገፍፈው እንኳ እጇን አላነሳችም። ስትጨርስ አባዬ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አላት። ልጄ ያላት ሁሉንም ተማሪ እንደሚለው ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር። ለእኔ እንዲያ ተሰብሮ አያውቅም።

ቤት ስንደርስ አባዬ ደክሞት ጋደም አለ። ካሜራው ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካሴቱን መልሼ በትንሿ መመልከቻ ክሊፑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ቆንጆ ነበር፤ በጣም ቆንጆ። ደግሜ ወደ መጀመሪያው መለስኩት፣ የሌንሱን ክዳን እንደተከደነ ተውኩት፣ በክሊፑ ላይ ጥቁር እንዲቀረጽበትም መቅረጫውን ተጫንኩ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ላጠፋው እችል ነበር፣ አላጠፋሁትም።

እሁድ ጋሽ አንጁሎ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ዘነበችም ፀጉሯን ተሠርታ መጡ። አባዬ ሽቦውን ሰካ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቁሮ ቀረ። ካሴቱ ግን ይዞር ነበር፤ ከጥቁሩ ውስጥ የዶሮዎቻችን ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የእማዬ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ «ማርታ! እዚያ ጓዳ ምን ትሠሪያለሽ?» እያለ እኔን ሲጣራ ተሰማ።

አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካሜራውን ሳላጠፋው ተኝቼ ካሴቱ ተበላሽቷል። ጋሽ አንጁሎ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አለ።

ጋሽ አንጁሎ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታ አልፈቀደም፣ መምህር። ሰው ይጠብቃል፣ ነገ ይሄዳል ልጄ።»

ዘነበች አላለቀሰችም። በር ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስመለስ እንሠራዋለን፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አልተመለሰችም።

አባዬ አልመታኝም፣ አልጠየቀኝምም። ከዚያ በኋላ ግን ክሊፕ መሥራት ተወ፤ ተማሪዎቹም እንደ ድሮው ቀስ በቀስ ሄዱ። እኔም በልግ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብባቸው ሳምንታት «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ልለው አፌን እከፍትና እዘጋው ነበር፤ እሱም እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፣ ዝምታችንም ዓመታት ቆየ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ያኔ በአባቷ ፊት ላሳፍርሽ አልፈለግኩም። አሁን ሳስበው ግን አንቺን ሳድን እሷን ነው የተውኳት። ይቅርታ ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ጠይቂ።»

ሄድኩ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆና በትንሽ ሱቅ ጥለትና ነጠላ ትሸጣለች። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። የያዘችውን ክር በጣቷ እየጠቀለለች «ካንቺ በቀር ያየው የለም ማለት ነው» አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይመስል ነበር?» ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ነፋሱ፣ እጇን ከቁልፎቹ ስላለማንሳቷ ነገርኳት፤ የምችለውን ያህል፤ ቃሌ ግን አልበቃም። ስጨርስ «አባቴ ቢያየው ኖሮ ሳይልከኝ ይቀር ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል።

ዛሬ በአባዬ ቤት ጥቂት ልጆችን የማስተምረው እኔ ነኝ። በስልካቸው እርስ በርስ ይቀራረጻሉ፤ አንዱ ሲበላሽባቸው እየሳቁ ሌላ ይጀምራሉ፣ በአንድ ከሰዓት አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል፤ ምንም የሚጠፋ ነገር ያለ አይመስላቸውም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «ድገሙት፣ ግድ የለም» እላቸዋለሁ። ዘነበች የነበራት ግን አንድ ካሴትና አንድ እሁድ ብቻ ነበር።