ቱቦው እንዳይከፈት የተሳልኩ ዕለት

ሰው ለልጁ ጤና ይሳላል፣ ለትዳር ይሳላል፣ የጠፋች ላም እንድትገኝለት ይሳላል። እኔ የተሳልኩት የእጣቢ ማውረጃ ቱቦ እንደተደፈነ እንዲቀር ነው። የቁልቢው መልአክ ብዙ ጉድ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን ከናዝሬት በቀር ከየትም የሰማ አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ከአሰብ መንገድ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ሲወረስ ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከኋላ ያሉት የአሽከሮች ክፍሎች ደግሞ ለእኛ ለሰፊው ሕዝብ ተከራዩ። ሰፊው ሕዝብ እግሩን ሲዘረጋ በሩ አይዘጋም ነበር።

ግቢው ቁልቁል ነው። ከቪላው መታጠቢያ ቤት የሚነሳ ቱቦ በመሬት ሥር አልፎ፣ የሁላችንንም እጣቢ እየሰበሰበ ወርዶ፣ ከእኔ ጓዳ ጀርባ ባለ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ የብረት ክዳን አለው። ከዚያ ውሃው ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይወጣል። ይወጣ ነበር ማለቴ ነው። አንድ ክረምት ቱቦው መሃል ላይ ተደፈነና እጣቢያችን ሽቅብ ተመልሶ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ተኛ። አረንጓዴ ሆነ። እንቁራሪት ገባበት። ቢሾፍቱ ብቻ ናት እንዴ ሐይቅ ያላት፣ ብለን እንስቅ ነበር፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

ላይኛው ሰው ስለ ሽታው ሲያማርር እኔ ዝም እል ነበር። ምክንያቱም ታችኛው ጉድጓድ ደርቆ ነበር። ደርቆ ለልጄ መደበቂያ ሆኖለት ነበር።

ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ቀበሌው የሚያቀርበው ኮታ አለ፤ ኮታው ሲጎድል አፈሳ ነው። ከገበያ ያፍሳሉ፣ ከኳስ ሜዳ ያፍሳሉ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ከሚያለቅስ መሃል እንኳ ይመርጣሉ። አፈሳ የተባለ ቀን ልጄ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ክዳኑ ላይ ሳፋዬን አስቀምጬ ልብስ አጥባለሁ። ያን ጊዜ የእኛ ቤት ልብስ የነጣውን ያህል ነጥቶ አያውቅም።

ለሰው የምናገረው፣ “መቂ አጎቱ ጋ ሄዷል፤ ሽንኩርት ያስጭናል” ብዬ ነበር። ችግሩ ጎረቤቴ የመቂ ሰው ናት። እዚያ አጎት ቀርቶ የአጎት ጫማ እንደሌለው ታውቃለች። የእሷ ልጅ ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም። ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጮክ ብላ፣ “እትዬ፣ ዘንድሮ የልጅሽ ሽንኩርት እንዴት ነው?” ትለኛለች። “ተመስገን፣ ጥሩ ይዟል” እላለሁ። ከዚህ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራን። ከበላይ አካል እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ የጽዳት ዘመቻ ይደረጋል ተባለ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ሰው ነው። ሥራው ቢቀየርም ሰው በበሩ ሲገባ እጁን የመዘርጋት ልማዱ አልለቀቀውም። ተነሥቶ ስለ ቱቦው ተናገረ። ቱቦውን የደፈነው ፊውዳሊዝም ነው አለ። ፊውዳሉ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ቱቦው የተደፈነው አምና። ግን አጨበጨብን።

ከዚያ የላቫጆውን ሰውዬ አስነሣው። አሰብ የሚመላለሱትን ከባድ መኪናዎች የሚያጥበው ሰው ነው። ውሃ በኃይል የሚተፋ ፓምፕ አለው፤ የደረቀ ጭቃ ከጎማ ላይ እንደ ቅርፊት ያነሳል። የተደፈነ ቱቦ ሲያጋጥም ደግሞ ፓምፑ ላይ ቀጭን ረጅም ጎማ ይቀጥልበታል። የጎማው ጫፍ በቀዳዳ የተሞላ ነሐስ ነው። ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚተፋ ራሱን እየገፋ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ቆሻሻውን እያራገፈ ወደ ኋላ ያመጣል።

“ስለዚህ የሚጀመረው ከታች ነው” አለ የላቫጆው ሰውዬ። “የታችኛው ጉድጓድ ክዳን ይነሣል፣ ጎማው ከዚያ ሽቅብ ይገባል፣ ቆሻሻው ቁልቁል ይመጣል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።”

የታችኛው ጉድጓድ ክዳን! የጽዳት ዘመቻ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወጣቱን መጥረጊያ ያሲዙታል፣ ወዲያው መኪና ይመጣል፣ መጥረጊያው ይቀራል ልጁ ይሄዳል። ያን ቀን ቤት ለቤት ይፈተሻል፣ መንገዱም ይጠበቃል። ልጄ ከጉድጓዱ ሌላ መግቢያ የለውም። እነሱ ደግሞ ክዳኑን ሊያነሱት ነው።

በስብሰባ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል የለየሁት የግድግዳ መፈክር ለማንበብ ያህል ነው። ግን ፍርሃት ሲበዛ እጅ በራሱ ይነሣል ለካ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ አስተያየት ነበረኝ” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። “እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ግን እስከማውቀው መመሪያ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ይህ ውሃ ከታች ተነሥቶ ሽቅብ ከሄደ፣ ሕዝቡ አመራሩን ገፋ አያሰኝም? ጠላት ቢሰማ ምን ይለናል?”

ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ጣራውን አየ።

“ይህ…” አለ ቀስ ብሎ፣ “ይህ የመስመር ጉዳይ ነው! እናቶቻችን እንዴት እንደነቁ ተመልከቱ! ከላይ ይጀመር!”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጎማዬ ስለ መስመር አልተማረም” አለ የላቫጆው ሰውዬ።

“እንዲማር ይደረጋል!”

ተጨበጨበ። ስንወጣ ጎረቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። “ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! አንቺ ሴትዮ፣ ካድሬ የሆንሽው መቼ ነው?”

“አሁን” አልኳት።

ቤቴ ከመድረሴ በፊት ሌላው ነገር መጣብኝ። ክዳኑስ ይቅር፤ ከላይ ጀምረው ቱቦው ቢከፈትስ? የዓመት እጣቢ የሚወርደው በልጄ አናት ላይ ነው። ተመልሼ የላቫጆውን ሰውዬ፣ ነገር እንደማይገባት ሴት ሆኜ፣ “ከላይ ሲሆን ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?” ብዬ ጠየቅሁት።

“እህቴ” አለኝ፣ “አንቺ ነሽ ያዘዝሽው፤ ለእኔ ንገሪኝ እንጂ!”

ለልጄ ስነግረው ሳቀ። “እማዬ፣ እዋኛለሁ” አለኝ። በጥፊ ልመታው ዳድቶኝ ነበር። የተሳልኩት ያኔ ነው። ቱቦውን እንደተደፈነ ጠብቅልኝ እንጂ ጃንጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ አልኩ። ስለት ከገባሁ በኋላ ደግሞ የሰው ሥራ ቀረኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት ጋ ሄጄ፣ “ጓድ ለእንግዳው የሚለብሱትን ካኪ እኔ ልጠብላቸው፤ እርስዎ አይድከሙ” አልኳት። ደስ አላት። የሰጠችኝ ልብስ አንገቱ ብቻ የሳሙና ጠላት ነበር።

የዘመቻው ዕለት ጠዋት ልጄ ገባ፣ ክዳኑ ተከደነ፣ ሳፋው ተቀመጠ፣ ካኪው ተዘፈዘፈ። ወታደር የሚጭን መኪና ከቀበሌው በር ላይ ቆሟል። የላቫጆው ፓምፕ በፈረስ ጋሪ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ጠብመንጃ ያንጠለጠለ የአብዮት ጥበቃ ወደ እኔ ሲወርድ አየሁት።

“ጓዲት፣ ውሃው እዚህ ሲደርስ ‘መጣ’ ብዬ እንድጮህ ታዝዣለሁ። ክዳኑን ላንሣውና ልየው።”

“የኔ ልጅ፣ ሳፋውን አትንካ! የሊቀመንበሩ ካኪ ነው። ቢቆሽሽ ለማን ነው የምትነግረው?”

እጁን ሰበሰበ። “ታዲያ ውሃው መምጣቱን በምን አውቃለሁ?”

“ጆሮ የለህም?”

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ላይ ፓምፑ ተነሣ፤ መሬቱ ከሥሬ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ያጉረመረመ ቁጥር ካኪውን ጨመቅሁት። በዚህ መሃል ከሥሬ፣ ከሳፋው በታች፣ ልጄ አስነጠሰ። ወዲያው እኔም ተከትዬ አስነጠስኩ።

“ይማርሽ” አለ ጥበቃው። ትንሽ አሰበና፣ “እትዬ፣ የመጀመሪያው ድምፅሽ ግን ወፈረ” አለኝ።

“ጉንፋን ነው። በጽዳት ዘመቻ ቀን እቤት ተኚ ልትለኝ ነው?”

ላይ የሆነውን በኋላ ጎረቤቴ ነገረችኝ። ጎማው ከቪላው ግድግዳ ሥር ባለው የቱቦ አፍ ገባ። ውሃውን ወደ ኋላ እየተፋ ቆሻሻውን አንሥቶ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ጫማው ላይ ረጨበት። ሊቀመንበሩ ተቆጣ። “ወደ ኋላ መመለስ የለም! ድፈኑት!” አለ። ያለፈው በዓል ጨርቅ ከነመፈክሩ ተጠቅልሎ በጎማው ዙሪያ ተወተፈ። የላቫጆው ሰውዬ፣ “ጓድ፣ ይህ ውሃ መውጫ ይፈልጋል” ቢል፣ “ወደፊት ይፈልግ!” ተባለ።

ወደፊት ድፍን ነው። ኋላው መፈክር ነው። ለውሃው የቀረችው አንዲት መንገድ በቪላው መታጠቢያ ቤት ወለል በኩል ነበረች፤ በዚያ ወጣ።

ያ መታጠቢያ ቤት ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። ሰነድ አለበት ይባል ነበር። እኛም ሰነድ ምን ይሠራል በባኞ ቤት ብለን አልጠየቅንም። በዚያው ወር የቀበሌው ሱቅ ስኳር አልደረሰም ተብሎ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ወንጂ ፋብሪካው ከአፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር አልደረሰም! የትኛውን አህጉር አቋርጦ ይደርሳል? እንግዲህ ከተቆለፈው በር ሥር ጥቁር ውሃ ወጣ። ወፍራም ነው። ይጣበቃል። ወዲያው ንብ መጣ።

“መጣ!” የሚል ጩኸት ከላይ ተሰማ። ጥበቃው ግራ ተጋብቶ፣ “እኔ ነበርኩ እኮ የምጮኸው” አለና ሽቅብ ሮጠ። ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አደረግሁ። “እማዬ” አለኝ፣ “ደረቅ ነው።”

በሩ ሲከፈት ኬሻው እስከ ጣራ ተደርድሯል፤ የታችኞቹ እየቀለጡ የላይኞቹ እየተደረመሱ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ማንም ስኳር የሚለውን ቃል አላወጣም። ሊቀመንበሩ ላቡን ጠርጎ፣ “ይህ ለመንገድ ሥራ የተቀመጠ ጨው ነው” አለ። ንቡ በአናቱ ዙሪያ ይዞራል።

“ጨው ነው” አልን ሁላችንም።

“ዘንድሮ ንቡም ጨው ይወድ ጀመር” አለች ጎረቤቴ፣ ለማንም ሳትናገር።

እንግዳው ከመድረሱ በፊት ጨው መነሣት አለበት። ግን በምን? በር ላይ የቆመው ልጆች ሊጭን የመጣው መኪና ነው። ጥበቃዎቹ ጠብመንጃቸውን ጥለው ኬሻ ተሸከሙ። መኪናው በልጅ ፋንታ እርጥብ ጨው ተጭኖ፣ ንብ አስከትሎ ሄደ። መጥረጊያ ይዘው የተሰለፉት የሰፈር ልጆች ትንሽ ቆመው ጠበቁ፤ ማንም የሚያያቸው ሲጠፋ አንድ በአንድ እቤታቸው ገቡ።

በግምገማው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ያንን ቱቦ ዳግመኛ ማንም እንዳይነካው አዘዘ። በንቃቴ ተመስግኜ የታችኛው ክዳን ጠባቂ ሆኜ ተመረጥኩ። ክዳኑን ከእኔ ፈቃድ ውጪ የሚያነሣ ይጠየቃል ተባለ። ስለቱ ሲሰምር እንዲህ ነው።

ልጄ በኋላ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ እንደተቀመጠ በባትሪ ቱቦውን ሽቅብ አይቶ ነበር። “እማዬ፣ ፊውዳሊዝም አይደለም” አለኝ። “ሥር ነው። የቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ቱቦውን ሰንጥቆ ገብቶ እንደ ጥጥ ሞልቶታል።” ነጋዴው የተከለው ዛፍ ነው፤ መሃል ግቢ ላይ ቆሟል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንጹሕ ውሃ በእንስራ እየቀዳሁ ያንን ዛፍ አጠጣ ጀመር። ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ቆማ አየችኝ። ግቢው ሁሉ ረግረግ ነው፤ ዛፉ የሚጠማው አይመስልም።

“እትዬ፣ ይህ ዛፍ ምን አድርጊኝ አለሽ?”

“ይደግ ብዬ ነው።”

ዛፉን አየች፣ ክዳኑን አየች። ቤቷ ገብታ የራሷን ባልዲ ይዛ ወጣች።

“መቂ ያለው ሽንኩርት ውሃ ይወዳል” አለችና ሥሩ ላይ ደፋችው።