ማናህሎሽ በሁዳዴ የሰማችው ጉራግኛ

ማናህሎሽ ለማንም አትመችም። ጁባ አማራት ሰፈር አብረን ምግብ ቤት ስንሠራ ስንት ዘመናችን፤ «ወጡ ጨው በዛው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ «እንግዲያ ውሃ ጠጣበት» ብላ የውሃውንም ሂሳብ የምትቀበል ሴት ናት። ይህችው ሴት ናት በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ወተት አልመጣ ብሏት ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችው።

ልጁ ማሞቂያ ውስጥ ነው። መጥባት ገና አልቻለም፤ እሷ ታልባለች፣ ነርሷ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ትሰጠዋለች። ነርሷ ሲስተር አቤኒ ትባላለች። የጁባ ልጅ ናት፤ ግን በስደት ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። «የዱቄት ወተት ለዚህ አንጀት ይከብዳል፤ የእናቱ ካልመጣ ያሰጋኛል» አለችን፤ ሳታለባብስ። ለሁሉም መልስ ያላት ማናህሎሽ አሁን የምታልብበት ጡጦ ላይ አፍጥጣ ጠብታ ትጠብቃለች። ጠብታው ደግሞ ሲፈጠጥበት ይቆማል።

አቤኒ ከኪሷ የሕፃን ካልሲ አወጣችና ጡጦውን አለበሰችው። «አትይው። ስትጨነቂ ነው የሚሸሸው። የምትወጂውን ሙዚቃ እየሰማሽ እለቢ።»

«ሁዳዴ ነው እኮ!» አለች ማናህሎሽ።

እኛ ቤት በሁዳዴ ዘፈን አይከፈትም፤ መዝሙርና በገና ብቻ ነው። እንግዲያው በገና ይሁን አልን፤ ብልጦች ነን ብለን። ከፈለ የሚባለው ባሏ ዋው በምትባል ሩቅ ከተማ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ያገኘውን በገና ሁሉ ሰብስቦ በስልክ ላከ። እኔም ኤርፎን ገዝቼ ጆሮዋ ላይ ሰካሁላት። በገና ምን እንደሚሠራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሞትንና ኃጢአትን ያሳስባል። አሰበች። አለቀሰች። ከዓይኗ የወረደው ከጡቷ ከወረደው በለጠ። አጠገቧ የምታልብ አንዲት የባሪ ጎሣ ሴት «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ማን ሞተባት?» ብላ በጁባ አረብኛ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። ልጁ ግን ዕለት በዕለት እየከሳ ነበር።

«ዘፈን ስሚ በቃ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ጾሙን ሽሬ እግዜር ልጄን ቢወስድብኝስ? በዛብሽ፣ አንቺ ትመልሺልኛለሽ?»

በግ እየበላች ዘፈን ትፈራለች! ለአራስ ምግቡ እንደተፈቀደ ታውቃለች፤ ስለ ዘፈኑ ግን የነገራት የለም። ንዴቴን ይዤ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠጥኩና የንስሐ አባቷን ቄስ መልከጼዴቅን ጎትቼ አመጣኋቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«ሥጋ ትበያለሽ?» አሏት።

«ለወተቱ ብዬ እበላለሁ፣ አባ።»

«ሥጋውን ለልጁ ብለሽ ከበላሽ ዘፈኑንም ለልጁ ብለሽ ስሚ። ፈጣሪ ሕፃን አይቀጣም።» ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ መለስ አሉ። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

ማናህሎሽ መሬት መሬት አየች።

«ጉራግኛ» አልኩ እኔ።

«ጭፈራውን?»

«ጭፈራውን።»

ሴትዮዋ የጎጃም ሰው ናት፤ ጉራግኛ ሲከፈት ግን ትሪ ይዛም ቢሆን እግሯ አያርፍም። አባ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ...» አሉ፤ «ተቀምጠሽ።»

ተቀምጣ ሰማች። ከወገቧ በላይ ለቄሱ ትታዘዛለች፤ እግሯ ግን የወንበሩን ብረት ይደበድባል። የባሪዋ ሴት እግሯን አይታ ሳቀች። ማናህሎሽ ተቆጥታ ዞረችባት፤ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ እሷም ሳቀች። ካልሲ የለበሰውን ጡጦ ረስታዋለች። በዚያው ቀን ሞላ ብዬ አልዋሽም፤ ትንሽ ጨመረ፣ በማግስቱ ደግሞ ትንሽ። አንድ ጠዋት ግን አቤኒ ካልሲውን ገልጣ አየችና ሌላ ጡጦ አመጣች። እኔ እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ደስ ሲለኝ እንደዚያ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ከፋሲካ በኋላ ቱቦው ወጣለት። አቤኒ ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው። ኤርፎኑ እናቱ ጆሮ ላይ ነው፤ ጉራግኛው ለእኔም ይሰማኛል። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ሳተው፣ እንደ እናቱ ፊቱን ቋጥሮ ተናደደ፣ ከዚያ ያዘው። «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! ጎበዝ! ያዘው እኮ፣ አያችሁ?» እያልኩ ክፍሉን አናወጥኩት።

ማናህሎሽ ኤርፎኑን ከጆሮዋ ነቀለችው።

«በዛብሽ፣ ዝም በይ» አለችኝ። «ሲውጥ ልስማው።»

ዝም አልኩ። እውነትም ይሰማል።