ጋሽ ሰይድ ሂሳብ ሲያጠኑ

በዐረብ አገር በስደት ሳለሁ ፋይሰል በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ሰይድ፣ ዛማሌክ በሚባለው ሌላ ሰፈር በዘበኝነት የሚሠሩ የወሎ ሰው ናቸው። አንድ ዓርብ በሬን አንኳኩተው፣ «እስቲ ይቺን በመተካት የሚሠራ የሚሏትን ሂሳብ አስጠናኝ፤ ለልጄ ላስረዳት ነው» አሉኝ።

«ኤክስና ዋይ ሲደመሩ ዐሥር ናቸው። ኤክስ ደግሞ ከዋይ በሁለት ይበልጣል። እንግዲህ በኤክስ ቦታ ‹ዋይ ሲደመር ሁለት› ብለው ይተኩ» አልኳቸው።

ተኩ፤ ዋይ አራት መሆኑንም አገኙ። ኤክስን ግን ረስተውት እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ደግመን ስንሠራም ያው ሆነ። ላባቸውን እየጠረጉ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያሉ በዐረብኛ ይቅርታ ይጠይቁኛል።

አሳዘኑኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ለምን ይደክማሉ? ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ፤ እኔው አስረዳታለሁ» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ሻይ ላፈላ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ ደሴ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጥያት የወጣሁት ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ እዚሁ ቀረሁ። ስደውልላት ‹ደህና ነኝ› ትልና ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች። ባለፈው ግን ስለ ትምህርቷ ብጠይቃት፣ ይቺ ሂሳብ እንዳልገባቻት ስትነግረኝ ብዙ አወራችኝ።»