የአይናዲስ ቆዳና የእንዳላማው ጨረቃ

በአደራ በተሰጠው ቆዳ ላይ ተረት የሚጽፍ ሰው ከሌባ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌባ ቢያንስ ያፍራል። የዲማው ቁም ጸሐፊ እንዳላማው ይህን ፍርድ የሚያስለውጥ ሥራ ሠርቶ እንደ ሆነ፣ ታሪኩን የሰማ ይመዝን።

በ1930 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን አርበኛ ሲፈልግ የወይዘሮ አይናዲስን ፍየሎች አገኘና ቦምብ ጣለባቸው። መንጋው አለቀ። ሥጋው በክት ነውና አልተበላም፤ የተረፈው ቆዳው ነበር። ባሏ ውበቱ በንዳድ ከሞተ ገና ጥቂት ሳምንት ሆኖት ነበር። ቆዳውን አስጭና እንዳላማው ዘንድ ሄደች።

«ለሙት ዓመቱ ዳዊት ጻፍልኝ። በስሙ ለቤተ ክርስቲያን የምሰጠው ሌላ ነገር የለኝም።»

እንዳላማው ቆዳውን ወጥሮ ፋቀ። ወደ ፀሐይ ቢያነሣው ወንፊት ሆኖ አገኘው፤ የቦምቡ ስብርባሪ ያልበሳው ገጽ አልነበረም። ደንበኛ ጸሐፊ ቀዳዳ ሲያጋጥመው ቃሉን በዙሪያው አሳልፎ ይጽፋል፤ የሙያው ወግ ይህ ነው። እንዳላማው ግን በቀዳዳው አሻግሮ አየ። ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ።

ብዕር ልሞክር ብሎ የጀመረው ነገር ዓመቱን ጨረሰ። የጻፈውም እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ገበሬ አንደኛው በሬው ቢሞትበት፣ ማሳው ላይ የወደቀ አውሮፕላን ከተረፈው በሬው ከቡሬ ጋር ይጠምዳል። አውሮፕላኑ ጭድ አልበላም ብሎ ያምፃል፤ ላምባ ሲያጠጡት ይሰክርና ገበሬውንም፣ ቡሬንም፣ ሞፈሩንም ይዞ ጨረቃ ይገባል። የጨረቃ ሰዎች ብረት ናቸው፤ ኃጢአት ሲሠሩ ይዝጋሉ፣ የንስሐ አባታቸውም በቅቤ ያሻቸዋል። ንጉሣቸው ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ነው፤ ራሶቹም በምሳ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። ገበሬው በተጨነቀ ቁጥር በብራናው ቀዳዳ ሾልኮ በሚቀጥለው ገጽ ሌላ ዓለም ላይ ይወድቃል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ ዳዊት የለም። እንዳላማው ያንኑ መጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ከትቶ ወደ ተዝካሩ ዳስ ሄደ። ስሌቱ የነውረኛ ስሌት ነበር፤ ካህናቱ ዳዊትን በቃላቸው ይደግማሉ፣ መጽሐፉን ይሳለሙታል እንጂ ማን ይገልጠዋል?

መሪጌታ አካለ ወልድ ግን ከተሳለሙ በኋላ «እስቲ የእጅህን ጽሕፈት ልየው» ብለው ገለጡት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ቡሬ ማን ነው?»

«በሬ ነው፣ የኔታ።»

«የበሬ ስም በቀይ ቀለም? እንደ ቅዱሳን?»

«ጨረቃ ላይ የጾመ እሱ ብቻ ነው፣ የኔታ።»

«ምን ይብላ ታዲያ፣ ብረት?» አለ የአይናዲስ ጎረቤት አንሙት። «የኔታ፣ ያንብቡልን እንጂ!»

«ለመገዘት ማወቅ ያስፈልጋል» አሉና መሪጌታ ማንበብ ጀመሩ። ዘንዶው ዘንድ ሲደርሱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ አንዱ ራስ ሽሮ፣ ሌላው ክትፎ፣ ሦስተኛው ዛሬ ዓርብ ነው ሲል ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ዓመት ሙሉ ጥርሷ ያልታየው አይናዲስም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ ነጠላዋን አወረደች።

«እንዳላማው፣ ሳቅሁ። ውበቱም ቢሰማ ይስቅ ነበር። ግን በስሙ ይህን ለታቦት ልስጥ? ለነፍሱ ቡሬ ይማልድለት?»

«ቆዳው ቀዳዳ ነበር፣ እመት። የዳዊትን ቃል በቦምብ ቀዳዳ ዙሪያ...»

«በሬ ከነሞፈሩ ያሳለፍህበት ቀዳዳ ዳዊትን አያሳልፍም?»

እንዳላማው ያን ጊዜ አፈረ፤ በዚህም ከሌባ ጋር ተስተካከለ።

አይናዲስ ወደ ዳሱ ዞረች። «የሳቀ ሁሉ ቆዳ ያምጣ።»

«እኔ ፈገግ ነው ያልሁት!» አለ አንሙት።

«መንጋጋህን አይቻለሁ።»

«እኔ እንኳ ለመገዘት ነበር» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ሁለት ያመጣሉ፣ የኔታ። የዘንዶውን ገጽ ደግመውታል።»

ቆዳው መጣ፤ እንዳላማውም ዳዊቱን ጻፈ፣ በዓመቱም አስረከበ። ተረቱን አይናዲስ ቤቷ አስቀረችው። መጥፎ ተረት አይደለም፤ ከዚህ በላይ ማመስገን አይገባም። ለእርሷ የሚገባት ግን ዳዊት ነበር፤ በባሏ ሙት ዓመት፣ በገዛ ፍየሎቿ ቆዳ ላይ።