የእትዬ ዘሀራ ቀጠሮ

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር አውቶቡስ ተራ የነበረው አልቤርጎ ይመጣብኛል። እናቴ እዚያ አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ እኔም ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከእሷ ጋር እየኖርኩ፣ ጎረቤቶቼ በየሳምንቱ እየተለዋወጡብኝ አደግኩ። አብዛኞቹ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩ። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ የሐኪም ወረቀት ይዘው ሲመጡ ወደ እኔ ትልካቸው ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ «ዶክተሯ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም እኮራ ነበር።

አንድ ክረምት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ሆዳቸው አብጦ ከወሎ ብቻቸውን መጡ። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ፤ ክንዴን ይዘው፣ ጭቃውን እየሸሸን፣ ሲደክማቸው አጥር ሥር እየተቀመጡ፣ በአብነት ሰፈር በኩል ቀስ እያልን እንሄድ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ ለኦፕሬሽን የሚተኙበት ቀጠሮ ተሰጣቸው። ወረቀቱ «ሰኞ 8:00» ይላል።

«ስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ?»

«ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ» አልኳቸው፣ ሳላመነታ።

ሰኞ በስምንት ሰዓት ስንደርስ ነርሷ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ይሄ እኮ የፈረንጅ ሰዓት ነው! ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር» አለች። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ አዲሱ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። እኔ ሳለቅስ እትዬ ዘሀራ በነጠላቸው ፊቴን ጠረጉልኝና፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያለው ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ትመታሻለች» አሉኝ። በማግስቱ አገራቸው ተመለሱ።

መስከረም ጠብቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ታላቅ ወንድማቸው አንድ ጣሳ ማር ይዘው መጡ። እትዬ ዘሀራ ቀጠሮው ሳይደርስ አርፈው ነበር። «ያቺ ልጅ ብዙ ደክማልኛለች፣ አድርሱልኝ ብላ ተናዝዛ ነው» አሉ። እናቴ አለቀሰች፤ ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃም በኩራት አየችኝ። እኔም ማሩን ተቀብዬ ወደ ክፍላችን ይዤው ገባሁ።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ቀጠሮ ስሰጥ «ጠዋት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት» ብዬ፣ በሽተኛው ራሱ እስኪደግምልኝ ድረስ አልለቀውም፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። አልቤርጎው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። እናቴ አርጅታ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሽተኛ እየረዳች ነው ያደገችው» ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማታለሁ። ያኔ ብነግራት ነገሩ በአንድ አለንጋ ያልቅ ነበር። አሁን በምን እንደሚያልቅ አላውቅም።